በር የሌለው አሥራ ሦስተኛ ክፍል

ሰኞ፣ ሐምሌ 4። ረፋድ

ጓድ ደብተር፣ ሙቀቱ እንደ ትናንቱ ነው። ቬንትሌተሩ ወደ እኛ አይዞርም፤ የኮምፒዩተሩ ነው። እሱ ይነፍስለታል፣ እኛ እንቀቀላለን። ኢ/ር ዳዊት መሣሪያው ከጋለ ይሞታል ይላል። እኔስ? ብዬ ጠየቅኩት። አንቺ የድሬ ልጅ ነሽ፣ ለምደሽዋል አለኝ። አቦ፣ ይሄም መልስ ነው?

የዛሬ ሥራ፦ የፋብሪካ ሠራተኞች ማደሪያ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ባዶው ሜዳ ላይ። አሥራ ሁለት ክፍል በሁለት ረድፍ። ድሮ ቢሆን በቀለም ብዕር ሳምንት ሙሉ አጎንብሼ እገለብጠው ነበር። አሁን በስክሪፕት ነው። ስክሪፕት ምንድነው ትለኛለህ፤ አንተ ከእኔም የባስክ ያልተማርክ ነህ። ትእዛዞቹን ከላይ ወደ ታች ፋይል ውስጥ ትጽፋቸዋለህ፣ ማሽኑ እየወረደ ያነባል፣ ልክ ሰው ቁጭ ብሎ የሚነካካው ይመስል ራሱ ይስላል። ኢ/ር ዳዊት የራሱን ትእዛዝ ሠርቷል፣ «ክፍል» ይባላል። ስትጠራው ሦስት ነገር ይጠይቅሃል። የት ላድርገው? ስንት በስንት? በሩ በየት በኩል? መልሱን በየመስመሩ ትሰጠዋለህ። አሥራ ሁለቴ ጠርተህ አሥራ ሁለት ክፍል ትወልዳለህ። ያለ ምጥ።

እስከ ዛሬ ፋይሉን የሚጽፈው ራሱ ኢንጂነሩ ነበር፣ በሁለት ጣት፣ እንደ ዶሮ እየለቀመ። ከዚህ ሥራ ጀምሮ ግን እትዬ ጥሩነሽ ናት፣ የመ/ቤቱ ታይፒስት። ኮምፒዩተር አትወድም። ግን ጣቷ ዝናብ ነው፤ ሳታይ ትጽፋለች። ስትጨርስ ጣ ጣ ጣ ጣ አድርጋ ትነሳለች፣ ከበሮ መቺ ይመስል። ሳስመስላት ትቆጣለች።

ከሰዓት

ፕሎተሩን አስነሳነው። ፕሎተር ማለት ብዕር የያዘ ክንድ ነው፣ ሰው የለበትም፣ ወረቀቱ ላይ ወዲህ ወዲያ እያለ ይስላል። ሁሌም ሳየው ጀርባዬ ይነዝረኛል፤ ለማንም አልናገርም፣ የቀልደኛ ስም አለኝ። አሥራ ሁለቱን ክፍል ሣለ፣ በሮቹን አስገባ። አሁን ብዕሩን ማስቀመጥ ነበረበት።

አላስቀመጠም። ወደ ታች ወረደ፣ ግራ ጥግ ሄደ፣ ከሁሉም ርቆ አንድ ትንሽ ካሬ ሣለ። ቀስ ብሎ። በር የለውም። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ተኛ።

የሚሰማው ቬንትሌተሩ ብቻ።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

እኔ አይደለሁም፣ ጓድ ደብተር። ለአንተ ዋሽቼ አላውቅም፤ ብዋሽህም ወዲያው ነግሬሃለሁ። እርግጥ ባለፈው ወር ማሽኑ ሲከፈት «ጓድ መንገሻ ምሳ ይጋብዙን» ብሎ እንዲጽፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት መጋረጃው ላይ ክር አስሬ በምሳ ሰዓት ያንቀሳቀስኩትም እኔ ነኝ፤ ጽዳቷ ሦስት ቀን አልገባችም። ጂኒ ብለው የሚጠሩኝ በከንቱ አይደለም። ግን ይሄን አልሠራሁም። ከአሥር ያቋረጥኩ ልጅ አሥራ ሦስተኛ ክፍል ከየት አመጣለሁ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

የሳይቱ ፎርማን ከጠዋት ጀምሮ ደጅ መኪና አቁሞ ይጠብቃል፤ ቆፋሪዎቹ ሥራ ፈትተዋል። ኢ/ር ዳዊት በቀይ እርሳስ ትርፉ ካሬ ላይ መስቀል ሠራበት፣ ይሄ የለም ለማለት፣ ሰጠው። ንጹሁን ነገ እናወጣለን ተባለ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ንጹሁ አልወጣም።

ኢንጂነሩ ትእዛዙን አንድ በአንድ በእጁ ለማሽኑ ሰጠው። አሥራ ሁለት ክፍል ሣለ፣ ቆመ። ሸጋ። ስክሪፕቱን አስነሳ። አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ያ ካሬ። እዚያው ቦታ። ፋይሉን ስክሪኑ ላይ ከፍቶ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው። «ክፍል» የሚለው አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያለው። አጥፍቶ ከፈተ። ዲስኬት ቀየረ። ያው። ላቡ እስክሪብቶው ላይ ይንጠባጠባል። ኮሌጅ ያስተማሩት ሁሉ አለቀበት መሰለኝ፣ በመጨረሻ ማሽኑን በጥፊ መታው። ያው።

ከዚያ ጓ/መንገሻ አስጠራኝ። የመ/ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ነው፣ ከሸዋ የመጣ። ድሬ ሁሉም ሰው አንተ አንቺ ይባባላል፣ ሽማግሌም ሕፃንም። እሱ እርስዎ ካላሉኝ ይላል። እኔ ሆን ብዬ አንተ እለዋለሁ፤ የድሬ አፍ ነው ብዬ አመካኛለሁ። ዛሬ ግን እርስዎ አልኩት። ከአፌ ነው ያመለጠኝ። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ጣቱ ካሬው ላይ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ማሽኑ ሕዝብ በስንት መከራ ያገኘው ንብረት እንደሆነ ነገረኝ። አብዮታዊ ሥራ ሲጓተት ማን እንደሚጠቀም ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ቀልድ ሲደጋገም ስሙ አሻጥር ነው።»

ዓርብ ስብሰባ አለ። እስከዚያ ጥፋቴን ካላመንኩ ወይም ምክንያቱ ካልተገኘ ጉዳዩ ከመ/ቤቱ ይወጣል አለ። ወዴት እንደሚወጣ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ጓድ ደብተር፣ አንተ ወረቀት ሆንክ እንጂ ዛሬ አብረኸኝ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ለእማ አልነገርኳትም። አረፋ ደርሷል፣ በግ በግ ትላለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6። የቀትር ዕረፍት

መ/ቤቱ ተዘግቷል። በቀትር ድሬ ሙሉ ትተኛለች፣ ያልተኛው ጫት ይዞ በርጫ ላይ ነው። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ውሻ እንኳን አይንቀሳቀስም። እኔ የወረቀት ጥቅል መጋዘን ውስጥ ተደብቄ ቀረሁ። ጂኒ የሚሄደው በሌሊት ሳይሆን በቀትር ነው ትላለች እማ፤ ጥላ እግር ሥር ሲገባ። በእሷ ሳሾፍ ነው የኖርኩት።

ሥራዬ ይሄ ነው፦ ማሽኑ ተንኮሉን የሚሠራው በማደሪያው ብቻ ይሁን በሁሉም ላይ ላጣራ። እትዬ ጥሩነሽ ትናንት ሌላ ፋይል ጽፋለች፣ የክሊኒክ። ፍጹም ሌላ ሕንጻ፣ ሌላ ልክ። እሱን አስነሳሁ። ብዕሩ ሲፋቅ ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ ሌላ ነው፤ ሰው ጥርሱን የሚያፋጭ ይመስላል። ክሊኒኩን ጨረሰ።

ወረደ። ግራ ጥግ። ካሬ። በር የለውም።

ውሃ ጠጣሁ። 

ከዚያ የራሴን ትንሽ ፋይል ጻፍኩ፣ አንድ ክፍል ብቻ፣ በር ያለው። አንዱን ሣለ፣ ቆመ። ካሬ የለም። ደገምኩት። የለም። ይሄ ነው ከሁሉ ያስፈራኝ። ይመርጣል ማለት ነው። እኔ ስጽፍለት ጨዋ ነው።

ሲመለሱ ኢንጂነሩን እንደ ዋዛ ጠየቅኩት፣ ያ ጥግ ምንድነው? ዜሮ ነው አለኝ። የሳይቱ መለኪያ የሚነሳበት ነጥብ። ቦታ ካልነገርሽው ማሽኑ ዜሮ ላይ ይሠራል። እና ማን ነው ቦታ ሳይነግር ክፍል ሥራ የሚለው? አልኩት።  አንቺ አይደለሽም አይደል ሐናን? አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። አይደለሁም አልኩ። ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ማመን የፈለገ ግን መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7

ሳይት ተላክሁ፣ ያንን መስቀል ያለበት ሥዕል አምጪ ተብዬ። በድልድዩ አለፍኩ። ደቻቱ ደረቅ ነው፣ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ከላይ ግን ወደ ሐረር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ፎርማኑን ሳየው ቆፋሪዎቹ ተሰብስበው ቆመዋል። ማንም አይቆፍርም።

የሆነው ይሄ ነው። በሥራችን ካሬ ውስጥ መስቀል ካለ ጉድጓድ ነው። የሽንት ቤት፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ቆፍር ማለት ነው። ኢ/ር ዳዊት ሰርዣለሁ ብሎ ነው መስቀል የሠራው፤ ፎርማኑ ቆፍሩ ተባልኩ ብሎ አነበበው። ከሁሉ ቀድሞ እሱን አስቆፈረ። ጥፋተኛ የለም። እኔም ብሆን እቆፍር ነበር።

ብዙም ሳይወርዱ ሲሚንቶ አገኙ። ወለል ነው። ጠርዙን ተከትለው አጸዱት። የሦስት ጎን ግንብ ሥር ይታያል፣ የተቆረጠ፣ እንደ ድድ። ሜትር ጣልኩበት፤ ሦስት በሦስት። ማሽኑ የሣለው ካሬ ሦስት በሦስት ነው።

ጓድ ደብተር፣ ፀሐይ አናቴ ላይ ናት፣ ክንዴ ላይ ግን ፀጉሬ ቆሟል።

አው ዩሱፍ የሳይቱ ዘበኛ ነው፣ ሽማግሌ፣ መልካ ጀብዱ ተወልዶ እዚህ ያረጀ። በመጣሁ ቁጥር የምቀልደው እሱ ላይ ነው፣ ዱላውን እደብቅበታለሁ። ዛሬ ዱላው ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ ወለሉን አይረግጥም። የወለሉ ጫፍ ላይ የተመታ ወፍራም ሚስማር አሳየኝ። የቀያሾቹ ነው አለ። ጎርፍ የማይወስደው ጠንካራ ነገር ሲፈልጉ ከአፈሩ ብቅ ያለ ሲሚንቶ አገኙ፣ ሚስማሩን እሱ ላይ መቱት፣ ከዚህ እንለካ አሉ። ዜሮው እሱ ነው።

ምን ነበር እዚህ? አልኩት። የቀበሌ መጋዘን አለ። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ቀይ ሽብር የተባለው። በኋላ ግንቡን በአንድ ቀን አፈረሱት፣ አፈር አለበሱት። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፣ እናንተም በር የሌለው መጋዘን ነበራችሁ እንዴ? አልኩት። ዞሮ አየኝ።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «በር ነበረው። ለመግቢያ ብቻ።»

ወለሉ ላይ ምንም አልተገኘም፣ ከአንድ የምሳ ዕቃ ክዳን በቀር። አሉሚኒየም፣ የተጨፈለቀ፣ እጀታው ወልቆ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተተካ። አው ዩሱፍ አጥሩ ላይ ሰቅሎታል። ንፋስ ሲነካው ይንኳኳል።

ሥዕሉን ይዤ ተመለስኩ። ለእትዬ ጥሩነሽ፣ ሲሚንቶ ወለልና የምሳ ዕቃ ክዳን አገኘን፣ ምሳው ግን የለም ብዬ ቀለድኩ። ያለ ክዳን ስለቆየ ቀዝቅዞ ይሆናል አለች። እሷም ትቀልዳለች ለካ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ከጁምዓ በፊት ስብሰባ። አጭር። ፎርማኑ ነግሯቸዋል። ጓ/መንገሻ ሌሎቹን አስወጣና በሩን ዘጋ። ማሽኑን አልጠየቀኝም፣ ቀልዱንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ነገር ተለውጧል። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦

«እዚያ ክፍል እንደነበረ ማን ነገረሽ?»

ማንም አልኩ። እንደገና ጠየቀ። ማንም። የዚያን ጊዜ ስንት ዓመትሽ ነበር አለ። ትንሽ ልጅ። ታዲያ በራስሽ አታውቂም፣ የነገረሽ ሰው አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሐኪም። ላቡን በመሐረብ ያብሳል። ጓድ ደብተር፣ እሱም ፈርቷል። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የፈራ ካድሬ ካልፈራው ይከፋል።

እስከ ሰኞ ጠዋት ስም አምጪ አለኝ። ስም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ የሚመጡ ሰዎች አሉ አለ። ወለሉ አፈር ይልበስ ተብሎ ታዟል።

ኢ/ር ዳዊት ኮሪደር ላይ ያዘኝ። በዚህ አገር ያለ መጋዘን ሁሉ ሦስት በሦስት ነው አለኝ፣ ስለዚህ ነው እኔም ትእዛዙ ውስጥ ልክ ካልተሰጠህ ሦስት በሦስት አድርግ ያልኩት፣ አጋጣሚ ነው ብለሽ ንገሪያቸው። አንተ ንገራቸው አልኩት። ጫማውን አየ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

አገኘሁት። አገኘሁት አቦ!

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። እትዬ ጥሩነሽ ለጓ/መ. ደብዳቤ ትመታለች፣ እኔ ከበሩ ውጪ ወንበር ላይ ነኝ፤ የትም አትሂጂ ተብያለሁ። ምንም የምሠራው የለም፣ አዳምጣለሁ። ጣጣጣጣጣጣ። ጨረሰች። ከዚያ የታይፑ ሮለር፦ ክርር። ክርር። ክርር። ክርር።

ገባሁ። ለምንድነው አራቴ የምታዞሪው? አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ። የመንግሥት ወረቀት ሲያልቅ ከመጨረሻው መስመር በታች አራት ባዶ ይተዋል። ለማኅተምና ለፊርማ። ታይፕ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሩት እሱን ነው፤ ያልተወ በማስመሪያ ይመታል። ሃያ ዓመት አንድም ወረቀት ሳትተው አላወጣችም።

ኮምፒዩተሩም ላይ? አልኩ። የትም ላይ አለች። ያለ ማኅተም ምን ይሠራል?

ሮጥኩ። ፋይሉን ከፈትኩ። መጨረሻው መስመር ላይ ወረድኩ፣ ቀስቱን ወደ ታች ተጫንኩት። ወረደ። ደግሞ ወረደ። ባዶ ላይ አራት ጊዜ ወረደ። ዓይን የማያየው አራት ባዶ መስመር።

ለስክሪፕት ባዶ መስመር ባዶ አይደለም፣ ጓድ ደብተር። ኢንተር የሚባለው ቁልፍ እንደተመታ ነው። የመጀመሪያው ባዶ፦ የመጨረሻውን ትእዛዝ ድገም። ክፍል! ሁለተኛው፦ የት? መልስ የለም፣ እንግዲያስ ዜሮ ላይ። ሦስተኛው፦ ስንት በስንት? መልስ የለም፣ እንግዲያስ ሦስት በሦስት። አራተኛው፦ በሩስ? መልስ የለም፣ እንግዲያስ በር አይኑረው። ከአራት ዝምታ የተሠራ ክፍል።

ባዶዎቹን አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። አሥራ ሁለት፣ ቆመ። መለስኳቸው። መጣ። አጠፋሁ። ቀረ። ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ነጻ ወጣሁ! ጂኒው እትዬ ጥሩነሽ ናት!

ከሰዓት

አሁን አልስቅም።

ሄጄ ነገርኳት። የታይፑን ልባስ እያለበሰች ነበር። መጀመሪያ አልገባትም፣ ሲገባት ሳቀች፤ ጥርሷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ስጨፍር ስጨፍር ቆየሁ። ከዚያ፣ ወለሉ የተገኘው የት ጋር ነው? አለች። ከደቻቱ ማዶ፣ የድሮው የቀበሌ መጋዘን የነበረበት አልኳት።

እጇ ልባሱ ላይ ቀረ።

ታናሽ ወንድም ነበራት። የአሥራ ሁለተኛ ተማሪ። እዚያ መጋዘን አስገቡት። በየቀኑ ምሳ ታደርስለት ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ዘብ ከነገ ጀምሮ ምሳ አታምጪ አላት። በቃ። ሬሳ የለ፣ ወረቀት የለ። ለቅሶም አልተፈቀደም። ይሄን ሁሉ ድምፅዋን ሳትለውጥ ነው የነገረችኝ፣ ደብዳቤ የምታነብ ይመስል። ጓ/መንገሻ ያውቃል፤ እድገት በመጣ ቁጥር የሚከለክሏት በዚያ ነው።

እና ገባኝ። ምክንያቱን ከተናገርኩ እኔ ነጻ ነኝ። ባዶውን የተወችው ማን ናት ይላሉ። እሷ ናት። የማን እህት? የእሱ። ለማኅተምና ለፊርማ ነው ብትል ማን ያምናታል? ልምድ ነው፣ ዜሮ ነው፣ ሚስማር ነው ብንል ማን ያምናል? እኔ ራሴ በሜትር ለክቼው አላመንኩም።

እሷም ገብቷታል። ሰኞ ራሴ እነግራቸዋለሁ አለች፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ እናትሽ አለችሽ። ከዚያ ልባሱን አስተካከለች፣ ጫፍና ጫፉን። ሳታየኝ ጠየቀችኝ፦

«ያ ክዳን፣ እጀታው ሽቦ ነበር?»

አላየሁም አልኳት።

ጓድ ደብተር፣ አይቻለሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 10

ሌሊቱን ሐረር በኩል ዘንቧል። ደቻቱ ሞልቷል፣ ቀይ፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያያል፣ ሰርግ ይመስል። በመሃላቸው ሾልኬ አለፍኩ።

አው ዩሱፍ አልጠየቀኝም። ወለሉ አፈር ለብሷል፣ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ክዳኑን ከአጥሩ አውርዶ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ። ዱላህን ዛሬ አልደብቅም አልኩት። ብትደብቂው ይሻላል አለኝ፣ ስትደብቂው ደህና እንደሆንሽ አውቃለሁ። ደበቅኩለት።

እማ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለች። በጉን እያሰብኩ ነው አልኳት። አመነች፣ ወይም ማመን መረጠች። ሰው ሁሉ ዘንድሮ እየመረጠ ነው የሚያምነው።

ተኝቼ አሰብኩ። ጓ/መ. የሚፈልገው ስም ነው። ስም ካላገኘ ይፈልጋል፤ ከፈለገ መዝገቡን ሁሉ ይገለብጣል፣ እሷ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ስም ይሰጠው። የሚያምነውን ስም። በዚህ መ/ቤት ሁሉም ሰው ሳይሰማ የሚያምንበት አንድ ስም አለ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 11። አንድ ሰዓት ተኩል

ጽዳቷ ስትከፍት ገባሁ። ዛሬ መጋረጃ አትነኪም አይደል? አለችኝ። አልነካም አልኳት።

የእትዬ ጥሩነሽን ዲስኬት አወጣሁ፣ ለሁለት ሰበርኩት፣ ስብርባሪውን ቦርሳዬ ውስጥ። ፋይሉን በአዲስ ዲስኬት ከመጀመሪያው ራሴ ጻፍኩት፣ በራሴ ዶሮ ጣት። የክሊኒኩንም እንዲሁ። ዲስኬቱ ላይ በትልቁ ስሜን ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ቆምኩ። አራቱን ባዶ ለመጨረሻ አቆየሁ።

የምለው ይሄ ነው፦ ኢንጂነሩን ለማብሸቅ ነው ያደረግኩት። ባዶ መስመር ክፍል እንደሚወልድ ስጫወት አገኘሁ። ዜሮ ላይ የዋለው ቦታ ስላልሰጠሁት ነው፣ ማሽኑ ፊት አሳያቸዋለሁ፣ ዓይናቸው እያየ ዜሮ ላይ ይወድቃል። መጋዘን ወለል አላውቅም፤ የቀያሾቹ ሚስማር ነው፣ እነሱን ጠይቁ። ነገሩ ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንዱ በቀር። መጋረጃውንም እነግራቸዋለሁ፣ ምሳ ይጋብዙንንም። ከሥራ ያባርሩኛል። ወይ ጥቂት ቀን ቀበሌ ያሳድሩኛል። ወይ ደግሞ። ስለዚያ አላስብም።

ኢ/ር ዳዊት ቀድሞ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር ለካ፣ ከጀርባዬ፣ ስክሪኑን እያየ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም።  ገብቶ ቬንትሌተሩን ወደ እኔ አዞረው። ወጣ።

ክዳኑን ከነጋዜጣው ከታይፑ ልባስ ሥር አስገባሁት። ልባሱን ስታነሳ ታገኘዋለች። ዋሽተሽኛል ትለኛለች፤ ያልዋሸሁበት ቀን አለ?

አንተን ጓድ ደብተር፣ የወረቀት ጥቅሉ ሣጥን ውስጥ ከታች እጥልሃለሁ። ማንም አይፈትሸውም፣ አይጥ አለ ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ።

መኪና ቆመ ከታች። ሁለት በር ተዘጋ።

አሁን የቀረኝ መጨረሻው ነው። ለማኅተምና ለፊርማ።

ጣ።

ጣ።

ጣ።

ጣ።

ጓ/መ. ከደረጃው እየጠራኝ ነው። ጂኒ አላለም። ሐናን ነው ያለው፣ ከነአባቴ ስም። ፊቴን ለቀልድ ላስተካክልና